የአያቴ የቄስ ቤት ላሊበላ ላይ ጣራው እየወረደ ነው፣ ሳር ወይስ ቆርቆሮ? ምክር እፈልጋለሁ

የሮሃ ልጅ
ሰኞ ማታ 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጽሑፌ ይረዝማል ታገሱኝ፣ አሳጥሬ ብጽፈው ምክር አይገኝበትም። የእናቴ አባት ቄስ ነበሩ፣ ዕድሜ ልካቸውን ላሊበላ ቤተ ማርያም ነው ያገለገሉት፣ ቤታቸው ያ ክቡ ባለ ደርብ የድንጋይ ቤት ነው። ላስታ የሄደ ሰው ያውቀዋል፣ ከስር ምድር ቤት፣ ከላይ ደርብ፣ ደረጃው ከውጭ በኩል ግድግዳውን ታኮ በድንጋይ የሚወጣው፣ ጣራው ሳር። ከቤተክርስቲያኖቹ ትንሽ ራቅ ስለሚል ያኔ በዙሪያቸው ያለው ሰፈር ሲነሳ አልተነካም።

ልጅ ሆነን ምድር ቤቱ ውስጥ አንዲት ላም ነበረች፣ በዛኛው በኩል ደግሞ አንዳንዴ ሁለት ሦስት የቆሎ ተማሪ ያድር ነበር፣ አባባ ደግሞ ደርቡ ላይ። ስትገባ በግራ በኩል ግድግዳው ውስጥ ክንድ የምታህል ክፍተት አለች፣ ዳዊታቸውን የሚያሳድሩባት፣ ጠርዟ ከእጃቸው ብዛት ጠቁሮ እንደ ለፋ ቆዳ ያብረቀርቃል። መጽሐፉ የለም፣ ክፍተቷ ግን አለች።

አባባ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። እማማም ከሦስት ዓመት በፊት አቅም ሲያንሳቸው እናቴጋ ገቡ፣ ከዛ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሰው አልኖረም። ባለፈው ክረምት በሰሜን በኩል ሳሩ ተቦድሶ ውሃ ደርቡ ላይ ገባ። አጎቴ ጣራውን ጠቅላላ አውርዶ ቆርቆሮ ሊመታበት ነው፣ አክስቴ ከአሜሪካ ገንዘቡን እልካለሁ ብላለች ግን እሷም ቆርቆሮ ይሁንና ወጪው አንዴ ወጥቶ ይለቅ ነው የምትለው። እኔ ደግሞ ሆዴ እምቢ አለኝ ግን ምክንያቴን በደንብ ማስረዳት አልቻልኩም፣ ናፍቆት ብቻ ነው ይሉኛል። የቤቱን ፎቶዎች አያይዣለሁ፣ የምታውቁ ሰዎች እስኪ ንገሩኝ፣ ቆርቆሮ በእውነት ቤቱን ይጎዳዋል?


ጭቃና ጭድ
ሰኞ ማታ 4፡02

ወንድሜ አባቴ ግንበኛ ነበር፣ እኔም እስከ 10ኛ ክፍል ድረስ ጭቃ ስረግጥለት ነው ያደግኩት ስለዚህ የማውቀውን ልንገርህ። አንተ ራስህ መልሱን ጽፈኸዋል፣ ቤቱ ውስጥ ሰው አልኖረም ብለሃል፣ ሰው ከሌለ እሳት የለም። ሳር ጣራ የሚኖረው በጭስ ነው። ምድጃው በየቀኑ ሲነድ ጭሱ በሳሩ ውስጥ ሰርጎ ይወጣል፣ ሳሩንም ወራጁንም ማገሩንም ያጠቁረዋል፣ ያ ጥላሸት ነው ነቀዝና ምስጥ የሚከለክለው፣ በዛ ላይ ሙቀቱ የክረምቱን እርጥበት ያደርቀዋል። እሳት የጠፋበት ሳር ቤት ግን ሁለት ሦስት ክረምት ነው የሚቆየው ከዛ እንዳልከው ይቦደሳል። አባቴ ሰው የሌለበት ቤት ጠግን ሲሉት መጀመሪያ ማን ሊገባበት ነው ብሎ ይጠይቅ ነበር፣ የሚገባ የለም ካሉት አይጀምርም።

ሌላው፣ ፎቶው ላይ ከስር በኩል ግራጫ ነገር አየሁ፣ ሲሚንቶ ነው እንዴ?


የሮሃ ልጅ
ሰኞ ማታ 4፡15

አዎ ሲሚንቶ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ከስር እስከ ወገብ ድረስ አስለሰኑት፣ ጭቃው እየረገፈ ነው ብለው።


ሜሪላንድ ያለች
ማክሰኞ ጠዋት 12፡40

እኔ የአክስትህን ጎን እይዛለሁ እንዳትቀየመኝ። የወላጆቼ ቤት ሳር ነበር፣ በአንድ ሌሊት ነው የተቃጠለው፣ መብራት ገብቶ ሽቦው ከወራጁ ጋር በሚስማር ተይዞ ነበር፣ እናቴ በሌሊት ልብሷ ነው የወጣችው። ከዛ በኋላ ሳር ቤት ሳይ ልቤ ይመታል። ደግሞ እዚህ ያለን ሰዎች ገንዘብ የምንልከው በድርብ ሥራ ነው፣ በየጥቂት ዓመቱ ሳር ተቀየረ እየተባለ ስልክ ሲደወል ይከብዳል። አክስትህ አንዴ ወጥቶ ይለቅ ስትል ቅርሱን ስለናቀች አይደለም፣ የአባቷ ቤት ነው፣ ሳትደርስበት እንዳይፈርስ ፈርታ ነው።


የሮሃ ልጅ
ማክሰኞ ጠዋት 1፡05

እህቴ አልቀየምም፣ እሷም ቃል በቃል እንደዚህ ነው ያለችኝ። እናትሽ በመትረፋቸው እግዚአብሔር ይመስገን።


አርክቴክቷ
ማክሰኞ ከሰዓት 8፡30

የድሮ ቤት ጥገና ላይ ነው የምሠራው፣ ፎቶዎቹን አጉልቼ አየሁዋቸው። እስቲ ከቆርቆሮው ልጀምር። ቆርቆሮ አራት ማዕዘን ሆኖ ነው ከፋብሪካ የሚመጣው፣ ክብ ጣራ ላይ ሲመታ እንደ ጃንጥላ በሦስት ማዕዘን መቆረጥ አለበት፣ እያንዳንዱ የተቆረጠ ጠርዝ ደግሞ ዝገት የሚጀምርበት ነው፣ መገጣጠሚያው ሁሉ ውሃ የሚያስገባበት ነው። ስለዚህ አንዴ ወጥቶ ይለቅ የሚባለው ነገር ክብ ቤት ላይ አይሠራም። ወጪ ለመቀነስ ታዛውን አሳጥረው ይቆርጡታል፣ ከዛ ሳሩ ከግድግዳው አርቆ ያንጠባጥበው የነበረውን ውሃ ቆርቆሮው ሰብስቦ መሠረቱ ስር ይደፋዋል። የጭቃ ግንብ መሠረቱ ከራሰ አለቀ። ማታ ሲበርድ ደግሞ ቆርቆሮው ከውስጥ ያልበዋል፣ ወራጁ ላይ ይንጠባጠባል።

ግን እውነቱን ለመናገር እኔን ያስፈራኝ ከቆርቆሮው ይልቅ ሲሚንቶው ነው። ድንጋዩ የተገነባው በጭቃ ነው፣ ጭቃ ይተነፍሳል፣ ከመሬት የሚወጣውንም ከዝናብ የሚጠጣውንም እርጥበት በፊቱ በኩል ያወጣል። ሲሚንቶ ስትለስንበት መውጫውን ዘጋህበት። ውሃው ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል፣ ሲሚንቶው ካለቀበት በላይ ያለውን ጭቃ ያሟሟዋል፣ የላስታ ቀይ ድንጋይ ደግሞ ለስላሳና ውሃ የሚጠጣ ስለሆነ ሲሚንቶው አንድ ቀን ሲላቀቅ የድንጋዩን ፊት ይዞት ነው የሚሄደው።

ሦስት ነገር ፈትሽና ንገረኝ። ስንጥቅ አለ ወይ፣ ካለ ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው ወይስ እንደ ደረጃ እየሰበረ ነው። ከላይ ግድግዳው ጫፍ ላይ ዙሪያውን የታሰረው እንጨት ደህና ነው ወይ። የውጭው አፈር ከምድር ቤቱ ወለል በላይ ተከምሯል ወይ።


የሮሃ ልጅ
ሐሙስ ማታ 2፡20

ታናሽ ወንድሜን በቪዲዮ ኮል አሳየኝ አልኩት፣ አንድ ሰዓት ያህል ዞርን። ስንጥቅ አለ፣ ከደርቡ በር በላይ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ላይ ጣት ያስገባል ታች ሲደርስ ፀጉር ያክላል። የላይኛው እንጨት ሳሩ በተቦደሰበት በኩል በጣት ሲጫኑት እንደ ዳቦ ይገባል። አፈሩም ከጓሮ በኩል ከወለሉ ሁለት ስንዝር በላይ ነው።


አርክቴክቷ
ሐሙስ ማታ 2፡55

ላይ ሰፍቶ ታች የሚጠብ ስንጥቅ ማለት ግድግዳው ከላይ ወደ ውጭ እየተከፈተ ነው። የጣራው ክብደት ወደ ጎን ይገፋል፣ ዙሪያውን የታሰረው እንጨት እንደ በርሜል ቀለበት ነበር የሚይዘው፣ ቀለበቱ በአንድ በኩል በሰበሰ፣ ስለዚህ ላላ። ይሄ የሚድን ነገር ነው። ለጊዜው ወንድምህ ስንጥቁ ላይ በአግድም በሦስት ቦታ ትንሽ ትንሽ ጂብሰም ይለጥፍበት፣ ቀኑን ይጻፍበት። ጂብሰሙ ከተሰነጠቀ ግድግዳው አሁንም እየሄደ ነው ማለት ነው፣ ካልተሰነጠቀ ቆሟል፣ ጊዜ አለን። እና በምንም ምክንያት ጣራውን በአንድ ቀን አውርደው ግድግዳውን ራቁቱን እንዳያሳድሩት፣ በተለይ የበልግ ዝናብ ካለ።


ቤዛ ኩሉ
ዓርብ ጠዋት 3፡00

ይሄን ክር ሳነብ እንባዬ ነው የመጣው። የገና ጊዜ ላሊበላ የሄደ ሰው ማሜ ጋራ ላይ ካህናቱ ነጭ ለብሰው ተሰልፈው፣ ከስር ያሉትና ከላይ ያሉት እየተቀባበሉ ቤዛ ኩሉ ሲሉ አይቷል፣ ያን ፎቶ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ሌሊቱን ቆመው ያደሩት ካህናት ግን ሲያበቃ የሚገቡት እንደዚህ ያለ ቤት ውስጥ ነው። እንግዳውም እዛው ነው የሚያድረው፣ እኔ በእግራችን ሄደን እንደዚህ ያለ ቤት ምድር ቤት ውስጥ አስራ አንድ ሰው ሆነን ነው ያደርነው፣ የቤቱ እመቤት እግራችንን አጥበው ንፍሮ አቅርበውልን፣ ስማቸውን እንኳን ሳልጠይቃቸው ወጣሁ።

የላሊበላ 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም ነው ዩኔስኮ የመዘገባቸው፣ በዛው መዝገብ ላይ እኮ እነዚህ በቀይ ድንጋይ የተሠሩ ባለ ደርብ ክብ ቤቶችም ተጠቅሰዋል፣ ላስታ ቱኩል ብለው። የቅርሱ ማንነት አካል ናቸው ማለት ነው። በ2000 ዓ.ም አካባቢ ቤተክርስቲያኖቹ ላይ ለጊዜው ተብሎ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ትልልቆቹ የብረት መጠለያዎች ቆሙ፣ እስከዛሬ አጀንዳ ናቸው፣ በ2011 ዓ.ም ሕዝቡ ይነሱልን ብሎ ሰልፍ ወጣ፣ የፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ማክሮን ድረስ መጥቶ አየ። ጥሩ ነው፣ ይገባል። ግን ስለ ካህናቱ ቤት ጣራ አንድ ሰው ሲጠይቅ ስሰማ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።


የሮሃ ልጅ
ዓርብ ጠዋት 3፡25

ምናልባት ያጠቡሽ እማማ ይሆናሉ፣ እሳቸው ለማንም ስማቸውን ሳይናገሩ ነው የሚያስተናግዱት። በነገራችን ላይ እኛ ቤት ቱኩል የሚል ቃል ሰምቼ አላውቅም፣ ደርብ ቤቱ ነው የምንለው፣ ወይ ደግሞ በቃ አባባ ቤት።


ህድሞ
ዓርብ ከሰዓት 9፡15

ከትግራይ ነኝ። የኛም ችግር ቁርጥ አንድ ነው፣ አሠራሩ ነው የሚለየው። ህድሞ የምንለው የኛ አገር ቤት ግድግዳው ድንጋይ ነው ጣራው ግን ሳር ሳይሆን ጠፍጣፋ ሆኖ በወፍራም እንጨት ላይ አፈር የተደለደለበት ነው፣ ያን ሁሉ አፈር የሚሸከም እንጨት ዛሬ ከየት ታመጣለህ፣ ጥድና ወይራ እንደ ድሮው አይገኝም፣ መቁረጥም አይፈቀድም። በኛ ሰፈር የቄሱን ህድሞ ባህር ዛፍ አስገቡበት፣ ሳይደርቅ ስለገባ ጎበጠ፣ ጣራው ሆዱን ዘረገፈ። ለቀለበቱ ባህር ዛፍ እንዳታስገቡ፣ የደረቀ ጥድ ፈልጉ፣ ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ እንጨት ካገኛችሁ ከሁሉም እሱ ይሻላል፣ ጭስ የጠጣ ነው።


ይምርሃነ
ዓርብ ማታ 1፡40

ህድሞ ያልከው እውነት ነው። የጥንቶቹም እንጨት ከድንጋይ ጋር ማሰር ያውቁበት ነበር፣ ይምርሃነ ክርስቶስን ያየ ሰው ይገባዋል፣ ዋሻው ውስጥ ያለችው ቤተክርስቲያን ግድግዳዋ አንድ ረድፍ እንጨት አንድ ረድፍ ግንብ እየሆነ ነው የወጣው፣ እንጨቱ ነው አስሮ የያዘው። ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በፊት የተሠራች ናት፣ ዛሬም ቆማለች። እርግጥ ዋሻው ከዝናብ ጠብቋታል፣ የቄሱ ቤት ግን ዋሻ የለውም፣ ዋሻው ሳሩ ነው።


ሕግ አዋቂ
ቅዳሜ ጠዋት 4፡10

አንድ ነገር እንዳትረሱ። ቅርስ ላይ ጥገና ማድረግ የሚመራበት አዋጅ አለ፣ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስ የሆነን ነገር ለመጠገን ወይም ለማደስ አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። የግል ይዞታ ቢሆንም ማለት ነው። ስለዚህ ቤቱ ተመዝግቦ እንደሆነ አልሆነ ወረዳ ሄደህ አጣራ፣ በጽሑፍ። አጎትህ ጣራውን አፍርሶ ከጨረሰ በኋላ ጥያቄ ቢመጣ ለሁላችሁም ጣጣ ነው።


የሮሃ ልጅ
ቅዳሜ ጠዋት 4፡50

እሺ ጋሼ አመሰግናለሁ። ግን ልንገርዎት፣ እናቴ ባለፈው ዓመት የሳሩ ጉዳት ትንሽ ሳለ ሄዳ አመልክታ ነበር፣ ዛሬ ነገ እያሉ ክረምቱ ገባ። አጎቴ ቆርቆሮ ያለው እኮ ከዛ በኋላ ተስፋ ቆርጦ ነው። ሰው ቤቱ ላዩ ላይ እየዘነበበት ስንት ወር ደብዳቤ ይጠብቃል? ደግሞ ኮሮናና ጦርነቱ ከመጡ ወዲህ ቱሪስቱ ጠፍቶ ከተማው ገንዘብ የለውም፣ ድሮ ወንድሜ በአስጎብኚነት ሠርቶ ሳሩን ያስመታ ነበር።


ሕግ አዋቂ
ቅዳሜ ጠዋት 5፡15

ይገባኛል ልጄ። የእናትህን ማመልከቻ ቅጂ ካላችሁ ያዙት፣ ቀኑ ያለበት ወረቀት ትልቅ ነገር ነው። አሁን ስትሄዱ ግን ጣራ ልንቀይር ነው አትበሉ፣ በነበረው ዓይነት በሳርና በጥድ ልንጠግን ነው በሉ፣ ከነፎቶውና ከነመለኪያው። የጠየቃችሁት ቤቱን ወደነበረበት መመለስ ከሆነ እምቢ የሚል ሰው ምክንያት ያጣል።


ዲያቆን ዘላስታ
እሑድ ከሰዓት 8፡00

ከቅዳሴ በኋላ ነው ያነበብኩት። ጭቃና ጭድ ያለው ነገር ልቤ ውስጥ ቀረ፣ ማን ሊገባበት ነው ያለው። የሮሃ ልጅ፣ እዚህ የአብነት ተማሪ ማደሪያ አጥቶ እየተቸገረ ነው። እኔ የማውቃቸው አራት ልጆች አሉ ከዋግ በኩል የመጡ፣ ዜማ የሚማሩ፣ በላስቲክ ጎጆ ውስጥ ነው ያሉት። አያትህ ምድር ቤቱን ለተማሪ ይሰጡ እንደነበር ጽፈሃል። እነዚህ ልጆች ቢገቡበት እሳት ያነዳሉ፣ የጭቃ ምርጉን በየዓመቱ ይመርጋሉ፣ ውሃ ሲያንጠባጥብ የዛኑ ቀን ያያሉ። ኪራይ መክፈል አይችሉም፣ ይሄን አስቀድሜ ልንገርህ።


የሮሃ ልጅ
እሑድ ማታ 3፡30

ዲያቆን ይሄን ለእናቴ አነበብኩላት። ብዙ ጊዜ ዝም አለች ከዛ አባባ ቢኖሩ አይጠይቁኝም ነበር ያስገቧቸው ነበር አለች። አክስቴጋም ደወልኩ፣ ስለ ቆርቆሮ ስንከራከር ሁለት ሳምንት የቆየን ሰዎች ተማሪ ይግባበት ሲባል በአምስት ደቂቃ ተስማማን። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፣ መብራቱ። ሜሪላንድ ያለች የጻፈችውን ላክሁላት።


ጭቃና ጭድ
እሑድ ማታ 4፡00

በጣም ጥሩ። መብራቱን ከሳሩ አርቁት፣ ሽቦው በብረት ቱቦ ውስጥ ሆኖ በግድግዳው ይምጣ፣ ወራጅ ላይ እንዳይሰቀል፣ ደርቡ ላይ አንድ አምፖል ይበቃል። ምድጃው ከሳሩ በታች ራቅ ብሎ ምድር ቤት ይሁን።

ሳሩን በተመለከተ አሁን አይታጨድም፣ ሰንበሌጥ የሚታጨደው ክረምቱ ወጥቶ ሲደርቅ ነው፣ ጥቅምት ኅዳር ላይ። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል ጓሳ የሚባለውን የደጋ ሳር የሚያገኝላችሁ ሰው ካለ ግን ጓሳ ከሰንበሌጥ ይበልጣል፣ ቀጭንና ጠንካራ ነው፣ ብዙ ዓመት ይቆያል፣ የመንዝ ሰው ይሄን ያውቃል። ግን እሱንም ማኅበረሰቡ ሳይፈቅድ አይታጨድም። እስከዛ የተቦደሰውን በሸራ ሸፍኑት። ጣራው ደግሞ ጋደም እንዳይል፣ ቢያንስ 45 ዲግሪ ይቁም፣ ከዛ በታች ከሆነ ውሃው ሳሩ ላይ ይተኛል።


የሮሃ ልጅ
ከሁለት ወር በኋላ፣ ቅዳሜ ማታ 2፡10

ሰላም ቤተሰቦች፣ ጠፍቼ ነበር። ላሊበላ ነው ያለሁት፣ ፈቃድ ከወረዳ አገኘን፣ በጽሑፍ። ሲሚንቶውን በመዶሻና በመሮ ቀስ እያልን አነሳነው። አርክቴክቷ እንዳለችው ነው፣ ከኋላው ያለው ጭቃ ዘንድሮ ዝናብ ሳይነካው እንኳን እርጥብ ነበር፣ በእጄ ጨብጬው በጣቶቼ መሀል ወጣ። በሁለት ቦታ የድንጋዩ ፊት አብሮ ተላጠ፣ ቀይ ዱቄት ሆኖ። ከጓሮ ያለውን አፈር ዝቅ አድርገን ቦይ ቆፈርንለት። ጂብሰሞቹ ሦስቱም አልተሰነጠቁም።

ግድግዳውን ለሦስት ሳምንት ክፍቱን ተውነው እንዲደርቅ፣ ከዛ የዲያቆን ልጆች ናቸው ጭቃውን ከጭድ ጋር ያቦኩት፣ ዜማቸውን እያሉ በእግራቸው ሲረግጡ እማማ በር ላይ ተቀምጠው ያያሉ። አንዱ ልጅ ሲመርግ ያቺን የዳዊት ክፍተት ሊደፍናት ነበር፣ ግድግዳ የተቦረቦረ መስሎት። እማማ ከተቀመጡበት ጮኹ።


አርክቴክቷ
ቅዳሜ ማታ 2፡40

አልተደፈነችም አይደል?


የሮሃ ልጅ
ቅዳሜ ማታ 2፡44

አልተደፈነችም። አሁን የልጆቹ የዜማ መጽሐፍ ነው የሚያድርባት። የጥድ ቀለበቱ ከፈረሰ ቤት ተገኝቷል፣ ህድሞ አመሰግናለሁ፣ ጥቁር ነው፣ ጭስ ይሸታል። ሳሩን ጥቅምት ላይ እናስመታለን፣ አጎቴ የገዛውን ቆርቆሮ ለላሟ ማደሪያ ጓሮ ላይ ሠራበት።


ጭቃና ጭድ
ቅዳሜ ማታ 3፡05

ለጥቅምት ሳር መቺ ካጣችሁ ጻፍልኝ፣ አባቴ ያስተማራቸው ሁለት ሰዎች ወልድያ አሉ። ጉልላቱ ላይ የሚደፋውን ማሰሮ ግን ከአሁኑ እዘዙ፣ ያለሱ ውሃ በምሰሶው ላይ ይወርዳል።


የሮሃ ልጅ
ቅዳሜ ማታ 3፡12

የድሮው ማሰሮ አለ፣ ምድር ቤት ውስጥ ጭድ ውስጥ ተቀብሮ አገኘነው፣ ከንፈሩ ብቻ ነው የተሸረፈው። የሰዎቹን ስልክ በውስጥ ላክልኝ።